ማስታወቂያው ካፌው በር ላይ ነበር



ባለፈው ሴሚስተር በግቢያችን የኪነ ጥበብና የሳይንስ ምሽት ከተካሄደ በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ በመስጂዱ በር ላይ የተነጋገርነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዝግጅቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ መግሪብን ከነዒሻው ዋጠው። ሰግደን የተመለስን ወንበር አጣን። አብዛኞቻችን ግን ጭራሽ አልሄድንም፤ ሳንሄድም «እኛን አላሰቡንም» ብለን ተቆጣን።

ቁጣው እውነት ነበረው። ያልተነገረው ሌላ እውነት ደግሞ አለ። በዝግጅት ኮሚቴው መሳተፍ የሚፈልግ ማንኛውም ተማሪ እንዲመዘገብ የሚጠራ ወረቀት ለሁለት ሳምንት ካፌው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። በየቀኑ ሦስት ጊዜ አልፈነው ገብተናል። ከጀመዓችን አንድም ሰው አልተመዘገበም። ስለዚህ «መግሪብ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ በሌለበት ክፍል ውስጥ ሰዓቱ ተወሰነ። የወሰኑት ልጆች ክፋት አስበው አይመስለንም፤ የማያውቁትን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

«ሙዚቃ ያለበት ቦታ ምን ልናደርግ ነው የምንሄደው?» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ የዑለማዎች አስተያየት አንድ እንዳልሆነም እናውቃለን፤ እዚህ ፈትዋ ልንሰጥ አልተነሳንም፣ ደረጃችንም አይደለም። ከሙዚቃው መራቅ የፈለገ ይራቅ፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ግን የዚያ ምሽት ዝግጅት ሙዚቃ ብቻ ነበር? ግጥም ነበረ። የሥዕልና የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ነበረ። የምህንድስና ተማሪዎች የሠሩት የመስኖ መቆጣጠሪያ ነበረ፤ ከሠሩት አንዱ ከእኛው ጋር በአንድ ሶፍ የሚሰግድ ወንድማችን ነው፤ ሊያየው የመጣ የጀመዓ ጓደኛ ግን አልነበረም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለገጣሚው ሐሳን ኢብን ሣቢት በመስጂዳቸው ሚንበር እንዳስቀመጡለት፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ ከኋላቸው ሆና እንድታይ እንደፈቀዱላት በሐዲስ ተምረናል። ሐበሾቹን የምናነሳው በአገር ልጅነት ልንኮራ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ብንኮራም አይከፋም።

የምንማረው ደግሞ ሐረር አጠገብ ነው። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በውስጡ 82 መስጂዶች እንዳሉ ተጽፎለታል። በ2023 ደግሞ በሸዋል ወር ከስድስቱ ቀን ጾም በኋላ የሚከበረው ሹዋሊድ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። ስለ ሹዋሊድ ራሱ በመካከላችን የተለያየ አመለካከት አለ፤ አንደብቀውም። ግን ድምፅ፣ ግጥም፣ ቀለምና የመጻሕፍት ጥረዛ ለዘመናት ከዒልም ጋር አብረው የኖሩበት ከተማ በእግራችን የሚደረስ ሆኖ ሳለ፣ ኪነ ጥበብ የሌሎች ጉዳይ ነው ብለን ማለፋችን ያስገርማል።

የሐረር ዚክሪ በግቢ መድረክ ላይ እንዴት እንደቀረበም እንናገር። በአንድ ዝግጅት ላይ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ከፋሽን ትርዒቱ ቀጥሎ አራት ደቂቃ ተሰጠው። ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው ሲሰማ የጭፈራ መብራት በራ፤ ታዳሚው አፏጨ፤ አስተዋዋቂው «ሞቅ አድርጉት!» አለ። የነብዩ ስም እየተነሳ ሰለዋት የሚወርድበት ነገር እንደ መሸጋገሪያ ሙዚቃ አለፈ። ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፋን። እኛ የምንለው ግልጽ ነው፦ ዚክሪ እንዲህ የሚቀርብ ከሆነ ቢቀር ይሻላል። ከጀጎል አባቶች ተጋብዘው፣ በራሳቸው ሰዓትና በራሳቸው አቀማመጥ፣ ምን እንደሚሉም ለታዳሚው ተተርጉሞ የሚቀርብ ከሆነ ግን ክርስቲያን ጓደኞቻችንም አክብረው የሚያዳምጡት ነገር ይሆናል። ይህን ልዩነት ለአዘጋጆቹ የሚያስረዳ ከእኛ ሌላ ማን አለ? የወሎ ልጆች መንዙማ ይዘው ሲመጡም ጥያቄው ያው ነው።

ግቢው «ለሕዝብ ክፍት» የሚላቸው ዝግጅቶች ላይ የጀጎል ሰው አይታይም። በጥበቃው በር ላይ መታወቂያ የሚጠየቅ አባት ተመልሶ ይሄዳል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የድሮ ኪታቦችን እየሰበሰቡና እየጠገኑ፣ ጥረዛውንም ራሳቸው ተምረው፣ ከቤታቸው የጀመሩትን ሙዚየም ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ስናገኘው በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎች አሉበት። ከእነዚህ መካከል ሐረሪ ቋንቋ በዐረብ ፊደል የተጻፈበት አጀሚ ይገኛል። የቋንቋ ተማሪዎቻችን አንዱን ገጽ በትልቁ አትመው፣ ቢያንስ እንዴት እንደሚነበብ ቢያሳዩ፣ የከተማው ሰው ለማየት የሚመጣበት ምክንያት ያገኛል።

ለሳይንሱ ክፍል ደግሞ አንድ ሐሳብ አለን፤ ያስለቀሰንን ሰዓት ራሱን የሚጠቀም። በሒጅራ ወር 29ኛ ቀን ምሽት፣ ምዕራቡ ሰማይ በሚታይበት ሜዳ፣ የፊዚክስ ክፍሉን ቴሌስኮፕ ተውሰን ሒላል እንፈልግ። በየዓመቱ የረመዷን መግቢያ ላይ «እዚያ ታየች፣ እዚህ አልታየችም» እያልን እንከራከራለን፤ ስንቶቻችን ግን ለምን እንደማትታይ ማስረዳት እንችላለን? ጨረቃ ከፀሐይ በማዕዘን ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ካልራቀች ቅጠሏ ለዓይን አይበቃም፤ ይህን ገደብ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሰው አንድሬ ዳንዦን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አስልቶታል። ከእሱ አንድ ሺህ ዓመት በፊት የሙስሊም ሊቃውንት በዚሁ ጥያቄ ላይ ሰንጠረዥ ይሠሩ ነበር። አዛን ይባላል፣ እዚያው ሜዳው ላይ በጀመዓ ይሰገዳል፣ ከዚያ ሁሉም ተራ ይዞ በቴሌስኮፑ ያያል። ባትታይም ለምን እንዳልታየች መናገር ራሱ ትምህርት ነው። ይህን ዝግጅት ለማየት ሙስሊም መሆን አያስፈልግም።

የግቢ መድረክ ቀላል ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን ሲከበር ታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አቀረበ። አንድ ተማሪ ያነበበው ግጥም እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። እኛ ግን ከማዕዱ ቀርተን ስለ ወጡ ጨው እንከራከራለን።

ለእህቶቻችን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ዝግጅቱ 4 ሰዓት ላይ ካበቃ ወደ ዶርም የሚመለሱት በጨለማ ነው፤ ይህ የሙስሊም እህቶች ችግር ብቻ ባለመሆኑ ኮሚቴው ውስጥ ብናነሳው ብዙ ደጋፊ እናገኛለን። የ25 ደቂቃ የመግሪብ ዕረፍት መጠየቅም ከባድ አይደለም፤ ለሻይ ዕረፍት ይሰጣል እኮ።

የዘንድሮው ዝግጅት ማስታወቂያ ከሰኞ ጀምሮ ካፌው በር ላይ ተለጥፏል፤ ምዝገባው እስከ ሐሙስ ነው። ከጀመዓችን ለኮሚቴው ስማቸውን የሰጡ እስካሁን ሦስት እህቶች ናቸው። ከወንዶች አንድም የለም።