ልጁ ውሃ ይጠጣል፤ ታዲያ ምን ይሁን?

«ዴን ቤ ጂ ሚን።» ልጁ ውሃ ይጠጣል። ባምባራን በኢንተርኔት ለመማር የተመዘገበ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ዓረፍተ ነገር ይህን የመሰለ ነው። የልጅ ሥዕል አለ፣ የብርጭቆ ሥዕል አለ፣ ከሥር አራት ምርጫ አለ። ትክክለኛውን ስትነኩ አረንጓዴ ይበራል፣ ደወል ይጮሃል፣ ነጥብ ይጨመርላችኋል። በማግስቱ ልጅቷ ሩዝ ትበላለች። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ፈረስ ያያል። እንዲህ እንዲህ እያላችሁ ሦስት መቶ ቃል ትሰበስባላችሁ። ባማኮ ውስጥ አንዲት እናት በራፏ ላይ ቆማ ሰላም ብትላችሁ ግን የምትመልሱት የላችሁም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ልምምዶቹ ማጠራቸው ምንም ችግር የለውም። አውቶብስ እየጠበቀ ለሚማር ሰው አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ እንዲያውም ግፍ ነው። ችግሩ ልምምዱን ለማሳጠር ሲባል መጀመሪያ ተቆርጦ የሚጣለው ሌላው ሰው መሆኑ ላይ ነው። የሚጠይቅ የለም፣ የሚመልስ የለም፣ የሚስቅ የለም፣ ዋጋ ቀንሱልኝ የሚል የለም። አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። በቃ።

ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። የምኖረው ፓሪስ ዳርቻ ነው፤ አብረውኝ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከማሊ የመጡ ወይም እዚሁ ከማሊያውያን የተወለዱ ናቸው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከአንድ የማሊ ጓደኛዬ ጋር ለጀማሪዎች የሚሆኑ የአምስት ደቂቃ ልምምዶች እየጻፍን በነፃ እናካፍላለን። ከሚጠቀሙባቸው መካከል በጣም የማስበው እዚህ ተወልደው ያደጉትን ልጆች ነው። ቤት ውስጥ ሲነገር እየሰሙ አድገዋል፤ መመለስ ግን አይችሉም። አያት ከባማኮ በዋትስአፕ ስትደውል ስልኩን ለእናታቸው አቀብለው ይሸሻሉ። እነዚህ ልጆች የልጅና የብርጭቆ ሥዕል አይጠቅማቸውም። የሚፈልጉት አያታቸው ስትደውል ስልኩን ይዘው መቆየትን ነው።

ባምባራ ደግሞ እንደ ትንሽ ቋንቋ በትርፍራፊ የሚስተናገድ አይደለም። ተናጋሪዎቹ «ባማናንካን» ይሉታል። ጊኒ ውስጥ ከሚነገረው ማኒንካ፣ ኮትዲቯርና ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ከሚነገረው ጁላ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ማሊ ውስጥ የሌላ ብሔረሰብ ሰዎችም ገበያና መንገድ ላይ የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የማሊ ሕገ መንግሥት ፈረንሳይኛን ከኦፊሴላዊ ቋንቋነት አውርዶ የሥራ ቋንቋ ብቻ አድርጎታል፤ ባምባራን ጨምሮ ብሔራዊ ቋንቋዎቹን ደግሞ ኦፊሴላዊ አድርጓቸዋል። ወረቀቱ ላይ ቦታው ተስተካክሏል። ስልካችን ላይ ግን አሁንም ከእንግሊዝኛ መልመጃ የተገለበጠ ልጅ ውሃ ይጠጣል።

እስቲ ከሰላምታ እንጀምር። ጠዋት «ኢ ኒ ሶጎማ» ይባላል፤ ቀትር ላይ «ኢ ኒ ቲሌ»፤ ወደ አመሻሹ «ኢ ኒ ዉላ»፤ ሲመሽ «ኢ ኒ ሱ»። ሰላም የሚባሉት ብዙ ሰዎች ከሆኑ «ኢ» ቀርቶ «አው» ይመጣል። ብዙዎቹ መልመጃዎች እዚህ ድረስ ደህና ይሄዳሉ። አራቱን ሰላምታዎች ከፀሐይና ከጨረቃ ሥዕል ጋር አዛምዱ ይሏችኋል፤ ታዛምዳላችሁ፤ ትምህርቱ አለቀ። መልሱስ? ወንድ «ን ባ» ብሎ ይመልሳል፣ ሴት «ን ሴ» ብላ ትመልሳለች። ማለትም ይህ ሰላምታ ገና በመጀመሪያው ዙር ማን እንደሆናችሁ ይጠይቃችኋል። ሥዕል ማዛመድ ይህን ሊያስተምር አይችልም፤ ምክንያቱም ሥዕሉ እናንተን አያያችሁም።

ደግሞ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። ቀጥሎ «ሄሬ ሲራ?» ይመጣል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የታደለ ነው። «ሄሬ» ሰላም ነው፣ «ሲ» ማደር ነው፤ ሰላም አደረ ወይ? ቀን ላይ ከሆነ «ሄሬ ቲሌና?»፤ ሰላም ዋለ ወይ? መልሱ «ሄሬ ዶሮን»፤ ሰላም ብቻ። ከዚያ «ሶሞጎው ካ ኬኔ?»፤ ቤተሰብ ደህና ናቸው? «ቶሮ ቱ ላ»፤ ምንም ችግር የለባቸውም። እኛ «እንዴት አደርክ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ እናትህ ደህና ናት» እየተባባልን ላደግን ሰዎች ይህ የቤታችን ነገር ነው። ሆኖም እኛም የምንማረው «ጉድ ሞርኒንግ» በሚለው በር ዞረን ነው። ማደሩም መዋሉም በሩ ላይ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው «ጠዋት» የሚለው ቃል ብቻ ይሆናል።

አሁን ገበያ እንሂድ። ቁጥር ማስተማር ቀላል ይመስላል፤ ኬሌን አንድ፣ ፊላ ሁለት፣ ሳባ ሦስት እያሉ እስከ መቶ። ተማሪው ጎበዝ ነው እንበል፤ ኬሜ 100 መሆኑን ያውቃል። ገበያ ሄዶ «ኒን ዬ ጆሊ ዬ?» ይላል፤ ይህ ስንት ነው? ሻጯ «ዶሮሜ ኬሜ» ትለዋለች። እሱ 100 ፍራንክ ያወጣል፤ እሷ ታየዋለች። ነገሩ ምን መሰላችሁ፤ በባምባራ ገንዘብ የሚቆጠረው በዶሮሜ ነው፤ አንድ ዶሮሜ 5 የሴፋ ፍራንክ ነው። ስለዚህ ዶሮሜ ኬሜ 500 ፍራንክ ነው፣ ዶሮሜ ኬሜ ፊላ 1000 ፍራንክ ነው። ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ከሻጯ አፍ የሚወጣው ቁጥር አይገጥሙም። አባቶቻችን 25 ሳንቲሙን ስሙኒ፣ 50 ሳንቲሙን ሽልንግ ሲሉ የሰማ ሰው ነገሩ ብዙም አይገርመውም።

ይህን ለማስተማር ረጅም ትምህርት አያስፈልግም። አንድ ድምፅ፣ ሦስት የገንዘብ ሥዕል፦ ሻጯ «ዶሮሜ ቢ ዱሩ» ስትል የትኛውን ትሰጣላችሁ? ሃምሳ በአምስት ሲባዛ 250 ፍራንክ። ይህች አንዲት ጥያቄ ሃያ የቁጥር ማዛመጃ ታስንቃለች፤ ተማሪው እውነተኛ ገበያ ውስጥ የሚገጥመውን ነገር በትክክል ያን ያህል መጠን ቆርጣ ሰጥታዋለችና። ቀጣዩ ልምምድ ደግሞ «ዶ ቦ ኣ ላ» ይሁን፤ ትንሽ ቀንሺልኝ። ሳይከራከሩ መግዛት እዚያም ነውር ባይሆን እንኳ ጨዋታ ማበላሸት ነው።

ሦስተኛው ነገር ድምፅ ነው። ባምባራ ከፍና ዝቅ በሚል ቃና ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው። «ሶ» በአንድ ቃና ቤት፣ በሌላ ቃና ፈረስ ነው። በተለመደው አጻጻፍ ግን ቃናው አይጻፍም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። እኛም ከዚህ የተለየን አይደለንም፤ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው፣ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል ወረቀት ላይ አይታይም። አንባቢው የሚያውቀው ቀድሞ ስለሰማው ነው። እንግዲህ ሰምቶ የማያውቅን ጀማሪ በጽሑፍ ብቻ የምታለማምዱት ከሆነ መስማት የሚገባውን ነገር በሙሉ አስቀርታችሁ ነው። ደንቤ ስለዚህ ጥብቅ ነው፦ ማንኛውም ልምምድ መጀመሪያ ይሰማል፤ ጽሑፉ የሚታየው ተማሪው ከመለሰ በኋላ ነው። ድምፁም የሰው ድምፅ ይሁን፤ ከተቻለ የሁለት ሦስት ሰው፣ የወንድም የሴትም፣ የሽማግሌም የወጣትም።

አሁን የሚነሳብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «ጀማሪ ነው፤ መጀመሪያ ሰዋስው ይያዝ፤ ወሬው በኋላ ይደርሳል» ይላሉ። እሺ፤ ሰዋስው እንውሰድ፤ ያንኑ ውሃ የሚጠጣውን ልጅም እንውሰድ። በባምባራ ግሱ ራሱ ብዙ አይለዋወጥም፤ ሥራውን የሚሠራው ከባለቤቱ ቀጥላ የምትመጣ ትንሽ ቃል ናት። «ን ቤ ጂ ሚን» ውሃ እጠጣለሁ። «ን ቴ ጂ ሚን» ውሃ አልጠጣም። «ን ዬ ጂ ሚን» ውሃ ጠጣሁ። «ን ማ ጂ ሚን» ውሃ አልጠጣሁም። ቤ፣ ቴ፣ ዬ፣ ማ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እውነተኛ ዱብ ዕዳ ነው፤ እኛ አሉታውንም ጊዜውንም ግሱ ላይ ጠምጥመን ነው የምንናገረው። ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ግን እንደ ቤታችን ነው። ስለዚህ ልምምዱ አዲስ ቃል መጨመር የለበትም። ጂና ሚን እንዳሉ ይቆዩ፤ ትንሿ ቃል ብቻ ትቀየር።

እንዴት? ማሊ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ ውሃ ይቀርብለታል። ይኸው ልምምዱ ተገኘ። ቤት ገብታችኋል፤ ሴትዮዋ «ኢ ቤ ጂ ሚን ዋ?» ትላለች፤ ውሃ ትጠጣለህ ወይ? በጣም ጠምቷችኋል፤ «ኦዎ፣ ን ቤ ጂ ሚን»። ጎረቤት ቤት ጠጥታችሁ መጥታችኋል፤ «ን ዬ ጂ ሚን»። ልጁ ኳስ ሲጫወት ውሎ አሁን ገባ፤ እናቱ ጠጥተሃል ወይ አለችው፤ አልጠጣም፤ እሱ ምን ይበል? ሰዋስው ተማራችሁ፣ ያውም በደንብ። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ አሁን ግን የሚያቀርበው ሰው ተገኘ። ያንን ብቸኛ ልጅ ከሥዕሉ አውጥታችሁ ቤቱ መለሳችሁት።

«ማሽን ወሬ ማረም አይችልም» የሚሉም አሉ። ማረም አያስፈልገውም። ተማሪው ይስማ፤ ሦስት መልስ ይቅረብለት፤ ሦስቱም በሰዋስው ትክክል ይሁኑ፤ ለዚያ ሰው፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ የሚሆነው ግን አንዱ ብቻ ይሁን። ይህን ማረም ከሥዕል ማዛመድ በምን ይከብዳል? የሚከብደው መጻፉ ነው። ለመጻፍ ባምባራ ተናጋሪ ሰው አጠገባችሁ መቀመጥ አለበት፤ «እንዲህ አንልም» ሲላችሁ ዓረፍተ ነገሩን መጣል አለባችሁ። ሥዕልና ቃል ማዛመድ ግን ከመዝገበ ቃላት ብቻ ይሠራል፤ ማንንም አያስጠይቅም። እኔ የሚመስለኝ እንደ አሸን የፈላው ስለሚረክስ ነው፤ ስለሚያስተምር አይደለም።

«በጎ ፈቃደኞች ነን፣ ገንዘብ የለንም» ለሚሉት አክብሮት አለኝ፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ሁለት መቶ ደካማ ልምምድ ከሚሠራ ሃያ ጥሩ ቢሠራ ይሻላል። ቁጥሩ የሚያስፈልገው ለማስታወቂያ ነው። ዓረፍተ ነገር ከራስ መፍጠርም ግዴታ አይደለም፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የባምባራ ቃላት የያዘ፣ ማንም ሰው ገብቶ የሚፈልግበት የጽሑፍ ክምችት ኢንተርኔት ላይ አለ። ማሊ ውስጥ ደግሞ «ኪባሩ» የተባለው የባምባራ ጋዜጣ ከ1972 ጀምሮ ታትሟል። ቋንቋው ሲጻፍ ኖሯል። ፈላጊ ነው የጠፋው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳቅ። ማሊ ውስጥ ሰላምታው ሲያልቅ «ኢ ጃሙ?» ይመጣል፤ የቤተሰብ ስምህ ማነው? ይህ የመታወቂያ ጥያቄ አይደለም። ሳናንኩያ የሚባል የቀልድ ዝምድና አለ፤ ለምሳሌ ትራኦሬና ጃራ የሚባሉ ቤተሰቦች ሲገናኙ መሰዳደብ መብታቸው ነው፤ የሚቀየም የለም። የታወቀው ስድብ «ኢ ቤ ሾ ዱን» ነው፤ አንተ ባቄላ ትበላለህ! ለማያውቅ ሰው ይህ ልክ «ልጁ ውሃ ይጠጣል» እንደሚለው ያለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ። አንድ አፕ «አንተ ባቄላ ትበላለህ» ብሎ ከባቄላ ሥዕል ጋር ቢያዛምደው ትክክል ነው፤ ነጥብም ይሰጣል። ተማሪው ግን በሕይወቱ ከሰማቸው ቀልዶች ሁሉ የሚጠቅመው አጠገቡ አልፎት ሄዷል። ሲቀለድበት ሳይገባው ፈገግ ብሎ ይቆማል፤ መመለስ ሲገባው።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ለምን ይመስላችኋል? ከእናንተ መካከል ለዲያስፖራ ልጆች የአማርኛ አፕ ለመሥራት የሚያስቡ እንዳሉ አውቃለሁ፤ የሠራችሁም አላችሁ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች ልጅ አያቷ «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ» ስትላት «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?» ማለት ከቻለች ተምራለች። «ልጁ ውሃ ይጠጣል» ብላ አንድ መቶ ቀን ሳታቋርጥ ከተለማመደች ግን ያላት የአንድ መቶ ቀን ነጥብ ነው። አንተ፣ አንቺና እርስዎን መለየት ሥዕል ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው አንድ ሰው ሲያናግራት ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ልምምድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ዓረፍተ ነገር ማን ለማን ይለዋል? መልስ ካጣችሁ ሰርዙት። መልስ ካገኛችሁ የዚያን ሰው ድምፅ ቅረጹ፣ ከኋላው ሁለት ሰከንድ ዝምታ ተዉ፣ ተማሪው ይመልስበት።