ምን ያደርግልሻል?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ዘመድ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠናል። ታላቅ እህቴ 54 ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው የአካውንቲንግ ዲግሪ ከነኤንቨሎፑ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ፣ 22 ዓመት ሙሉ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ሁለት ልጆች አስመርቃለች። አቦሉ ሲቀዳ "ለማስተርስ ተመዘገብኩ" አለች። ቤቱ በእልልታ ሞላ። "ነርሲንግ ነው? ወይስ የጤና አስተዳደር?" ተባለች። "ሊበራል ስተዲስ ይባላል፤ ፍልስፍናው፣ ታሪኩ፣ ሥነ ጽሑፉ አንድ ላይ ነው" ስትል እልልታው ቀዘቀዘ። ትልቁ አጎታችን ስኒያቸውን አስቀመጡና "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜሽ? ደግሞስ ምን ያደርግልሻል?" አሉ። እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔም ዝም አልኩ።

ይህን የምጽፈው ያ ዝምታዬ ስለሚቆረቁረኝ ነው። "ምን ያደርግልሻል?" የምትለዋ ጥያቄ ስንቱን ሰው ከትምህርት ደጅ መልሳለች? እሷንስ የሚጠይቃት ማን ነው?

ጥያቄዋ ከሜዳ እንዳልመጣች አውቃለሁ። ስደተኛ የትምህርት ዓይነት የሚመርጠው ልቡን ሳይሆን ኪሱን አማክሮ ነው። ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፣ የእናት መድኃኒት አለ። ነርሲንግና ኮምፒውተር ብዙ ቤት ከችግር አውጥተዋል፤ ማንም ይህን አያቃልልም። ነገር ግን ኪራዩ ከተከፈለ፣ ልጆቹም ከተመረቁ በኋላ ጥያቄዋ ለምን አብራን ትኖራለች? አዲስ መኪና የገዛውን "እንኳን ደስ ያለህ" እንላለን እንጂ "ምን ያደርግልሃል?" ብለን እናውቃለን? ለአንድ ቀን ሠርግ የዓመት ቁጠባውን ያወጣውንስ? ሰው ገንዘቡን ለዓይን በሚታይ ነገር ላይ ሲያወጣ የምናጨበጭብ፣ አእምሮው ላይ ሲያወጣ ለምን እንደ ብክነት እንቆጥረዋለን?

ለመሆኑ ይህች ጥያቄ የእኛ ናት ወይ? የአብነት ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ ሲዞር ዕድሜው ስንት እንደሆነ የጠየቀው ማን ነው? ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ሲያልፍ ጢሙ ይረዝማል፤ ያም ሆኖ ከልጆች ጎን ተቀምጦ መማሩ ነውር አልነበረም። እርግጥ ለደብርና ለሹመት ብሎ የተማረም ሞልቷል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተዘርፎ ለማይደገም ቅኔ ብቻውን ጫካ ገብቶ ሲቆጥር የሚውለው ተማሪ ትርፉን በምን ይለካው ነበር? እውቀት ያለ ደመወዝ ጭማሪ ዋጋ እንዳለው ከማንም በፊት የምናውቅ ሰዎች፣ ዛሬ ይህን ከሌላ አገር የመጣ ቅንጦት አድርገን የምናየው ለምንድን ነው?

ምናልባት ስሙ አደናግሮን ይሆን? "ሊበራል" ሲባል የእኛ ጆሮ ፖለቲካ ይሰማል። የቃሉ ሥር ግን ሌላ ነው፤ ለነጻ ሰው የሚገባ ትምህርት ማለት ነው። በእኛም ቋንቋ "ጨዋ" የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንድ ፊቱ ከነጻ ወላጅ የተወለደ፣ ማንም በባርነት ያልገዛው ሰው ነው። በሊቃውንቱ አነጋገር ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ ማለት ነው። እንግዲህ ጨዋ ተወልዶ ጨዋ መቅረት ይበቃናል?

ዲግሪው ራሱ ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። ኮነቲከት የሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1953 ጀመረው። ጆንስ ሆፕኪንስ በ1962፣ ዳርትማውዝ በ1970 ተከተሉ። እኛ በታክሲ፣ በምግብ ቤትና በፓርኪንግ በምንሠራባት ዋሽንግተን ውስጥ ያለው ጆርጅታውንም ከ1974 ጀምሮ ያስተምራል። አብዛኛው ተማሪ ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚመጣ ትልቅ ሰው ነው። ጠበቃው፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው አንድ ጠረጴዛ ከበው አንድ መጽሐፍ ላይ ይከራከራሉ። 50 ዓመት ያህል በደጃፋችን የቆየ ነገር ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን በሩን አንኳኳን?

ለዩኒቨርሲቲዎቹም ጥያቄ አለኝ። ትምህርቱ ለነጻ ሰው የሚገባ ከሆነ፣ ክፍያው ለምን ለባለጸጋ ብቻ የሚገባ ሆነ? ብዙ አሠሪ የሠራተኛውን የትምህርት ወጪ የሚሸፍነው ትምህርቱ ከሥራው ጋር ሲገናኝ ነው። አረጋዊ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ ሲሞትም ዓይኑን የሚከድን ሰው ስለ እርጅናና ስለ ሞት የታሰበውን ማንበቡ ከሥራው ጋር አይገናኝም የሚለው ማን ነው? ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ሕግ፣ ዕድሜው 60 የሞላና ገቢው ከተወሰነ መጠን የማያልፍ ነዋሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ሲገኝ ያለ ክፍያ ይማራል። መልካም ሕግ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስለዚህ ሕግ የሰማ ስንት ጡረተኛ አለ? ደግሞስ ሰው ለማሰብ እስከ 60 ዓመቱ መጠበቅ አለበት?

የእህቴን የመጀመሪያ ሴሚስተር የንባብ ዝርዝር አየሁት። ከግሪክ አለ፣ ከሮማ አለ፣ ከእንግሊዝ አለ፤ ከአፍሪካ ግን አንድም የለም። አልተተረጎመም እንዳይሉ፣ ክብረ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1922 በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ክሎድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በተከታታይ ቅጾች አሳትመዋል። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውን ሐተታ የጻፈው ማን ነው የሚለው ክርክር ብቻውን የአንድ ሴሚስተር ውይይት አይሆንም? የሰው ልጅን አስተሳሰብ አስተምራለሁ የሚል ክፍል ስለ የትኛው የሰው ልጅ ነው የሚያወራው?

አገር ቤቱንስ ማን ይጠይቀው? እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣው 70 በ30 የሚባለው ምደባ ከ100 ተማሪ 70ውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ላከ። በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት ደግሞ ሎጂክን፣ ታሪክንና አንትሮፖሎጂን ለወጣቱ መልሶለታል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ለትልቁ ሰውስ? የማታው ማስተርስ ለደረጃ እድገት የሚያዝ ወረቀት ሆኖ፣ መመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ እስከ ማጻፍ ሲደረስ ምን አልን? 30 ዓመት ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው መጥቶ "አሁን ታሪክና ፍልስፍና መማር እፈልጋለሁ" ቢል፣ "የመጀመሪያ ዲግሪህ በምንድን ነው?" ከማለት በቀር ምን እንለዋለን?

እህቴ ያን ቀን አንገቷን ብትደፋም አልቀረችም። ፈረቃዋን ቀይራ በሳምንት ሁለት ማታ ትማራለች። መጽሐፏን በባቡር ታነባለች፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ በአማርኛ ትጽፍበታለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ቤት፣ እዚያው ቡና ላይ ተገናኘን። በረካው ሲቀዳ አንዱ ወጣት "እስኪ ምን እየተማርሽ ነው?" አላት። ኢሊያድን እያነበቡ እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ተረከችልን። የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም ልጁ ሄክተር በጦርነት ተገድሎበታል። ገዳዩ አኪሌስ ሬሳውን አልሰጥም ብሎ በሠረገላ እየጎተተ ያንገላታዋል። ሽማግሌው በሌሊት የጠላቱ ድንኳን ገብቶ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ልጆቹን የገደሉትን እጆች ሳመ። አኪሌስም የራሱ አባት ትዝ አለውና ሁለቱም፣ ገዳዩና የሟች አባት፣ አብረው አለቀሱ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ስኒ የሚያነሳ አልነበረም። የአጎታችን ታናሽ ወንድም ናቅፋ ግንባር እንደቀረ ዛሬም መቃብሩ አይታወቅም። አጎታችን መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩና፣ ቀና ብለው እህቴን ጠየቋት።

"ከዚያስ፣ ልጄ? ሬሳውን ሰጠው?"