«ቁጥር 1 ይሻላል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የንባብ ክፍል፦ ራእይ 2፥1–7፤ መክብብ 7፥10



መዝሙር የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት የማይጠፋ አንድ ክርክር አለ። ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ይነሳል፤ በሐይቁ ዳር ዓሣ እየተበላ ይነሳል፤ ከአምልኮ በኋላ በጸሎት ቤቱ ደጅ ላይም ይነሳል። «ከዘማሪው ካሴቶች የቱ ይበልጣል?» አንዱ «ቁጥር 1ን የሚያህል አልወጣም» ይላል። ሌላው «ቁጥር 3ን አልሰማኸውም ማለት ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛዋ ደግሞ «ከዚያ ወዲህ እኮ ቅባቱ ቀርቷል» ብላ ትዘጋዋለች። በዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮችም ይህ ክርክር አለ፣ በዘማሪ ደረጀ ከበደም አለ፣ ትናንት ባገለገሉት ወጣት ዘማሪዎችም አለ።

ክርክሩ የአማኞች ብቻ አይደለም። የቴዲ አፍሮ አድናቂዎችን ጠይቋቸው። በ1993 ዓ.ም. የወጣውን «አቡጊዳ»ን ከሁሉ የሚያስቀድም አለ፤ «ያስተሰርያል» የወጣበትን 1997 ዓ.ም.ን የማይረሳ አለ፤ የ2004ቱን «ጥቁር ሰው»ን ወይም የ2009ኙን «ኢትዮጵያ»ን የሚመርጥም አለ። አልበሙን ሲመርጡ ብዙ ጊዜ ዘመኑንም አብረው ይመርጣሉ።

ከአገር ውጭም ያው ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ «ዴዝ» የሚባል የሜታል ባንድ ነበር፤ ትርጉሙ «ሞት» ማለት ነው። ዛሬ ዴዝ ሜታል ለሚባለው እጅግ ኃይለኛና ጩኸት የበዛበት ሙዚቃ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። መሥራቹ ቸክ ሹልዲነር እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1998 ሰባት አልበም አወጣ። የመጀመሪያው «ስክሪም ብለዲ ጎር» እንደ አስፈሪ ፊልም በደምና በሬሳ የተሞላ ነበር። እየቆየ ግን ግጥሙ ስለ ሰው ልጅ ሕይወት ወደ ማሰብ ዞረ፤ ሙዚቃውም ረቀቀ። የመጨረሻው አልበም ስም «የጽናት ድምፅ» የሚል ትርጉም አለው። ሹልዲነር በአንጎል ዕጢ ታሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በ34 ዓመቱ አረፈ። አድናቂዎቹ ግን ዛሬም «የመጀመሪያው ነው እውነተኛው» እና «የለም፣ የበሰለው የኋለኛው ነው» እያሉ ይከራከራሉ።

ይህን ያመጣነው ያንን ሙዚቃ እንድትሰሙ ብለን አይደለም። በፍሎሪዳም ሆነ በሐይቅ የሰው ልብ በአንድ መንገድ እንደሚሠራ እንድናይ ነው። የሞትን ስም በያዘ ባንድ ላይ የሚከራከረውና በመዝሙር ላይ የሚከራከረው አንድ ነገር ይጋራሉ። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ይሳባሉ። ለምን?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። አንዳንድ አገልጋዮች ይህን ክርክር ሲሰሙ «ሥጋዊነት ነው» ብለው ይገሥጻሉ። በዚህ አንስማማም። ክርክሩ አንዱ «እኔ የጳውሎስ ነኝ»፣ ሌላው «እኔ የአጵሎስ ነኝ» ወደሚባባሉበት የቆሮንቶስ ዓይነት መከፋፈል ከደረሰ በእርግጥ ሊገሠጽ ይገባዋል። ነገር ግን ሰው የማይወደውን ነገር አያወዳድርም። በተለይ እዚህ በወሎ ዜማ ቀልድ አይደለም። የአገራችን ዘፈን ከቆመባቸው ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የወሎን ቦታ ስም ይዘዋል። አምባሰል ሲባል ማሪቱ ለገሰን የማያስታውስ የዜማ ወዳጅ ጥቂት ነው። ብዙ መዝሙሮቻችንም በእነዚሁ ቅኝቶች የተዜሙ ናቸው። ጌታ ለዚህ ሕዝብ ጆሮ ሰጥቶታል፤ ስጦታውን አንነቅፍም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የመጀመሪያው ካሴት ለምን ይበልጥብናል? ጥቂት ምክንያቶች ይታዩናል።

አንደኛው በዘማሪው በኩል ያለ ምክንያት ነው። አንድ ሰው የመጀመሪያ ካሴቱን ሲያወጣ በዓመታት ውስጥ በጸሎትና በዕንባ የተጠራቀሙትን መዝሙሮች ይዞ ይመጣል። ለሁለተኛው ግን ሕዝቡ «መቼ ነው የሚወጣው?» እያለ ይጠብቀዋል፤ በዓመትና በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ አሥር መዝሙር ይፈለግበታል። ስለዚህ ዘማሪው ሳይወርድ፣ ጊዜ ብቻ አጥሮት የሳሳ የሚመስልበት ወቅት አለ።

ሁለተኛው በአሰማማችን በኩል ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንዱ ፊት 30፣ በሌላው 30 ደቂቃ ይይዝ ነበር። ያልወደድነውን መዝሙር በአንድ ጣት ዘለን ማለፍ አንችልም ነበር። ባትሪ እንዳያልቅ ክሩን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ አንዱን ካሴት ጨርቁ እስኪያልቅ ሰማነው። መጀመሪያ ያልገባን መዝሙር በሃያኛው ጊዜ ገባን። ዛሬ ስልካችን ላይ ሺህ መዝሙር አለ፤ አንዱን ግማሽ ሳናደርስ ወደሚቀጥለው እንሻገራለን። እንዲህ የተሰማ መዝሙር ከቁጥር 1 ጋር ቢወዳደር እንዴት ያሸንፋል? አንዱ መቶ ጊዜ ተሰምቷል፣ ሌላው ግማሽ ጊዜ።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይከብዳል። «ቁጥር 1 ይሻላል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ካሴቱ አይደለም። ካሴቱ በወጣ ጊዜ እርሱ ማን እንደነበረ ነው የሚናገረው። አዲስ ያመነ ነበር። ሌሊት ለጸሎት ለመነሳት ቀስቃሽ አይፈልግም ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱን በጋቢው ውስጥ ደብቆ ለኅብረት ይሄድ ነበር። ሲዘምር ያለቅስ ነበር። ዛሬ ያ መዝሙር ሲከፈት ያ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ «ምን ዓይነት ካሴት ነበር!» ይላል። የናፈቀው ግን ካሴቱን አይደለም። የናፈቀው የራሱን ሙቀት ነው።

ለዚህ ናፍቆት በአገራችን ቋንቋ ስም አለው፦ ትዝታ። የቅኝት ስም ያደረግነው ሕዝብ ነን። ታዲያ የእግዚአብሔር ቃል ስለ ትዝታ ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ሁለቱም ሲታዩ የሚጋጩ ይመስላሉ።

በመክብብ 7፥10 ጠቢቡ «የድሮው ዘመን ከአሁኑ ለምን ተሻለ?» ብለን እንዳንጠይቅ ይከለክለናል፤ ጥያቄው ከጥበብ አይደለም ይላል። በራእይ 2 ደግሞ ጌታ ራሱ ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ወደ ኋላ ተመልሳ ከየት እንደ ወደቀች እንድታስብ ያዛታል። አንዱ ወደ ኋላ አትመልከት ይላል፣ ሌላው ወደ ኋላ ተመልከት ይላል። ማንኛውን እንስማ?

ልዩነቱ ያለው በምንመለከትበት ምክንያት ላይ ነው። የመክብቡ ሰው ወደ ኋላ የሚመለከተው ዛሬን ለመክሰስ ነው፦ «የዛሬ መዝሙር ምን መዝሙር ነው? የዛሬ ዘማሪ ምን ዘማሪ ነው?» ይህ ሰው ከዘመኑ ጋር ተጣልቶ ይቀመጣል፤ ምንም አያደርግም። ጌታ ለኤፌሶን ያዘዘው ማሰብ ግን ሦስት ደረጃ አለው፦ ማሰብ፣ ንስሐ መግባት፣ የቀድሞውን ሥራ መሥራት። «የቀድሞውን ስሜት አምጪ» አላላትም፤ ሥራውን አድርጊ አላት። ስሜት በትእዛዝ አይመጣም፤ ሥራ ግን በመታዘዝ ይጀመራል።

ደግሞ አስተውሉ፣ ኤፌሶን ሰነፍ ቤተ ክርስቲያን አልነበረችም። ጌታ ድካሟንና ጽናቷን፣ ሐሰተኞችን መርምራ መለየቷን አመስግኖላታል። የትኛው ትምህርት ትክክል፣ የትኛው ስሕተት እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። የጎደላት የመጀመሪያው ፍቅር ነው። በዛሬ አነጋገር የትኛው ካሴት እንደሚበልጥ ለይቶ የሚያውቅ፣ መዝሙሩን ግን መዘመር የተወ ሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዘማሪዎቻችን አንድ ነገር መባል አለበት። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ 7 ዓመት ታስሯል። በዚያ ዘመን ብዙ የወንጌል አማኞች የጸሎት ቤቶች ተዘግተው፣ አማኞች በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ ነበር፤ መዝሙሮችም ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዱ ያጽናኑ ነበር። ያን ጊዜ የወጡትን መዝሙሮች የምንወዳቸው እሳት ውስጥ ስላለፉ ነው። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ በመንፈቀ ሌሊት ሲዘምሩ እስረኞች ያደምጧቸው እንደነበር ሐዋርያት ሥራ 16 ይነግረናል። ያ ዝማሬ ልዩ የሆነው ቅኝቱ ልዩ ስለሆነ አልነበረም።

ታዲያ አንድን ዘማሪ «እንደ ድሮው አድርገህ ዘምርልን» ስንለው ምን እየጠየቅነው ነው? ያ ባንድ አድናቂዎቹ «የመጀመሪያውን አልበም ድገምልን» ሲሉት ሰውየውን የ20 ዓመት ልጅ ሆነህ ቅር እንደማለት ነው። እኛም ዘማሪውን ወደዚያ እሳት ተመለስና እኛ ከዳር ሆነን እንሙቅ የምንለው ከሆነ ፍቅር አይደለም። እግዚአብሔር ለዘማሪው በ20 ዓመቱ የሰጠው መዝሙር አለ፤ በ50 ዓመቱ ለመጽናናት፣ በ70 ዓመቱ ለስንብት የሚሰጠው ሌላ መዝሙር አለ። ለእኛም እንዲሁ ነው።

በዚህ በሐይቅ ሰዎች እግዚአብሔርን በዜማ ሲያመሰግኑ ኖረዋል፤ ካሴት ከመፈጠሩ መቶ ዓመታት በፊት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በነበሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዜማው በየዓመቱ በወቅቱ ተመልሶ ይዜማል። «የዘንድሮው ከአምናው ይበልጣል» ብሎ የሚከራከር የለም። ዜማው ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚያዜመው ሰው ነው። በብዙ ነገር ብንለያይም ከዚህ የምንማረው አለ። መዝሙር የሚመዘነው ስንት ጊዜ እንደተደነቀ ታይቶ ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ እንደተዘመረ ታይቶም ነው።

ስለዚህ ክርክሩን አቁሙ አንልም። ክርክሩ ሲነሳ ግን ሦስት ነገር አድርጉ።

«ቁጥር 1» ያለውን ወንድም «ያን ጊዜ አንተ ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ምስክርነቱ ይመጣል። ክርክሩ ወደ ምስክርነት ከተለወጠ ማንም አይሸነፍበትም።

ከዚያ አንድ የቀድሞ ሥራ ምረጡ። አንድ ብቻ። ሌሊት መነሳት ከሆነ ነገ ተነሱ። የታመመ መጠየቅ ከሆነ ዛሬ ሂዱ። በእኛ አካባቢ የወንጌል አማኞች ጥቂት ነን፤ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሶች ናቸው። በለቅሶ ቤትና በደስታ ቤት አብረን የምንውል ሰዎች የመዝሙራችንን እውነትነት የሚመዝኑት በድምፃችን አይደለም፣ በጉርብትናችን ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ አዲስ መዝሙር ምረጡና እንደ ካሴቱ ዘመን ስሙት። አትዝለሉት። ሃያ ጊዜ ስሙት፣ ከዚያ ስልኩን ዘግታችሁ በቤታችሁ ዘምሩት። መዝሙር 40፥3 አዲስ ዝማሬን በአፋችን የሚያኖረው እግዚአብሔር ራሱ እንደሆነ ይናገራል። እርሱ ዛሬም መስጠቱን አልተወም።

ገና ጌታን ላልተቀበላችሁና ይህን ለምታነቡ ወዳጆቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። ምናልባት አንድ መዝሙር ነክቷችሁ ይሆናል፤ ለምን እንደነካችሁም አላወቃችሁም። ዘማሪው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይምሰላችሁ። መዝሙሩ ስለ አንድ ሰው ነው የሚናገረው፤ ሞትን በስም ሳይሆን በሥጋው ቀምሶ ያሸነፈ ስለ ኢየሱስ ነው። ዘማሪ ያረጃል፣ ካሴት ይበጠሳል፣ አድናቂም ይለወጣል። እርሱ ግን ትናንትም ዛሬም ያው ነው። ወደ ድሮ ዘመን መመለስ ለማንም አልተሰጠም፤ ወደ እርሱ መመለስ ግን ዛሬም ይቻላል።

ጌታ የመጀመሪያ ፍቅራችንን ያድስልን። ተባረኩ።