የቤታችን ኬላ ማንን ያሳልፋል?

በጅማ መርካቶም ሆነ በአጋሮ ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ የሆነ ቤት ብዙ ነው። አንዱ የዋይፋይ መስመር ሁለቱንም ያገለግላል። ደንበኛው ዕቃው እስኪመዘን ቆሞ «ፓስወርዱ ስንት ነው?» ይላል፤ ይነገረዋል። ጎረቤትም ይጠይቃል፤ ጎረቤትን ማን ይከለክላል? ውሎ አድሮ መስመሩ ይንቀራፈፋል፤ ልጆች እስከ እኩለ ሌሊት ከስልክ አይነሡም፤ ወላጅም ማን እንደገባ አያውቅም።

አገራችን ጅማ ይህን ነገር በኬላ ታውቀዋለች። በአባ ጅፋር መንግሥት ድንበር ላይ ኬላዎች ነበሩ፤ ጠባቂዎቹም የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠሩ ነበር። ራውተር የምንለው ያ ትንሽ ሳጥንም የቤት ኬላ ነው። በብዙ ቤት ግን ያለ ጠባቂ ክፍቱን ያድራል።

ጥበቃው እንዲህ ይጀመራል። ራውተሩን ገልብጣችሁ ብታዩ 192.168.1.1 የመሰለ አድራሻ፣ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ተለጥፎበት ታገኛላችሁ። በዋይፋዩ በተገናኘ ስልክ ብሮውዘር ላይ አድራሻውን ጻፉና ግቡ። በቅድሚያ የራውተሩን የመግቢያ ፓስወርድ፣ ቀጥሎም የዋይፋዩን ፓስወርድ ለውጡ። ከጥበቃ ዓይነቶቹ ደብልዩፒኤ 2ን ወይም 3ን ምረጡ። ለደንበኛና ለሐሙስ ገበያተኛ የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻው ክፈቱ፤ እንግዳ በሳሎን ይስተናገዳል እንጂ ጓዳ አይገባም። አንዳንዱ ምርጫ ተቆልፎ ካገኛችሁት መስመሩን የሰጣችሁን ድርጅት ጠይቁ።

ከዚያ የተገናኙትን ስልኮች ዝርዝር ተመልከቱ። ለእያንዳንዱ የባለቤቱን ስም ስጡት፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀውን አስወጡ። ለልጆች ስልክ የሰዓት ገደብ ስታደርጉ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ራውተር በእኛ ሰዓት አይቆጥርም። የእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ለእርሱ 21፡00 ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 06፡00። መብራት ሄዶ ሲመጣም ሰዓቱ እንዳልተዛባ እዩ።

ገደቡ የሚሠራው ማክ አድራሻ በሚባለው የስልኩ መለያ ነው። ከአንድሮይድ 10 (እ.ኤ.አ. 2019) እና ከአይኦኤስ 14 (እ.ኤ.አ. 2020) ወዲህ ግን ስልኮች እውነተኛውን መለያ ሸሽገው ሌላ ያሳያሉ። ስለዚህ በልጁ ስልክ ላይ ለቤቱ ዋይፋይ ብቻ ይህን መሸሸጊያ ማጥፋት ያስፈልጋል። ብልግና ያለባቸውን ገጾች ለማገድ ደግሞ በራውተሩ የዲኤንኤስ ቦታ ላይ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ብላችሁ ጻፉ፤ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው አገልግሎት ነው።

ነገር ግን ወላጆች ሆይ፣ የኬላን አቅም እወቁ። ራውተር ማን እንደገባና ወደየትኛው ገጽ እንደሄደ ሊያሳይ ይችላል፤ በዋትስአፕ የተጻጻፉትን ግን አያነብም፤ መልእክቱ ተቆልፎ ያልፋልና። ቪፒኤን የጫነ ልጅ የገጾቹን እገዳ ይዘልላል። በሲም ካርዱ ዳታ የሚጠቀም ልጅማ በኬላው ጭራሽ አያልፍም። ስለዚህ በስውር የተጣለ ገደብ ልጁን መደበቅ ከማስተማር አይዘልም፤ የሚደበቅ ልጅ ደግሞ ክፉ ሰው በስልክ ሲያስፈራራው ለአባቱ አይናገርም። ትልቁ ጉዳት ይህ ነው።

የደንበኛም ምስጢር አማና ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ሥልጣን የሌላውን የኮምፒዩተር ግንኙነት መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል። ቁጥጥራችሁ መስመሩን ከመጠበቅ አልፎ የሰው ወሬ ወደ ማድመጥ አይሂድ።

እንግዲህ ገደቡን ከማድረጋችሁ በፊት ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ንገሩ፦ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደማይታይ፣ መስመሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ። ልጆችም ሐሳባቸውን ይስጡ፤ ፈተና ላለበት ሰዓቱ ይራዘም። በተባለው ሰዓት የአባወራውም ስልክ አብሮ ይዘጋ። አባት የሚያከብረውን ሕግ ልጅ ለማክበር አይከብደውም።