ዝንቧ ወደ ቦታዋ



ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ዝንብን ስዋጋ ነው የኖርኩት። እናቶችን ከጤና ጣቢያው ዛፍ ሥር ሰብስቤ «የልጆቻችሁን ፊት ቶሎ ቶሎ እጠቡ፤ ትራኮማን ከልጅ ወደ ልጅ የምታዛምት ዝንብ ናት» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስተምሬያለሁ። ታዲያ በጡረታ ዘመኔ ልጄን ልጠይቅ ኮሎራዶ ብሄድ፣ አማቼ ማታ ማታ መብራት ሥር ተቀምጦ በላባና በክር ዝንብ ሲሠራ አገኘሁት! «የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል» ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ዝንብ የሚሠራ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ ዓሣ ማጥመድ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ ውሃ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ ነፍሳትን ይበላል። አጥማጆቹም ከጣት ጥፍር የምታንስ መንጠቆ በላባ ሸፍነው ነፍሳት ያስመስሏታል፤ ስሟንም «ዝንብ» ይሏታል። አገራችንም ለዚህ ዓሣ እንግዳ አይደለችም። በጃንሆይ ዘመን ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ትራውት ዛሬም አለ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ እሁድ አማቼ እኔንና የሰባት ዓመቷን የልጅ ልጄን ይዞ ከዴንቨር በላይ ወዳለው ሳውዝ ፕላት ወንዝ ወሰደን። ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው። እሱ ያጠምዳል፤ እኛ ዳቦ ቆሏችንን እየቆረጠምን እናያለን። እኩለ ቀን ሲሆን ልጅቱ «ራበኝ» አለች። አማቼም «እማዬ፣ አንዴ ይያዙልኝ» ብሎ ዘንጉን ሰጠኝና ምሳችንን ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ።

እኔ ደግሞ የልጅቱን እጅ ላስታጥብ ብዬ ዘንጉን ዛፍ ላይ አስደገፍኩት። ዝንቧ ከረጅሙ ክር ጫፍ እንደተንጠለጠለች ቀረች። ለአንድ ደቂቃ ነው ብዬ ነው። ነፋስ መጣ፣ ክሩ ተወዛወዘ፣ ልጅቱ ዞር ስትል ጮኸች። መንጠቆዋ ቅንድቧ ላይ ተሰክታለች። ከዓይኗ በላይ አንድ ጣት እንኳ የሚሞላ ቦታ አልነበረም።

ሐዋሳ ስሠራ መንጠቆ የወጋው ልጅ ብዙ ጊዜ ይመጣልን ነበር። ማደንዘዣ ወግተን፣ ጫፉን በቆዳው በኩል ገፋ አድርገን አውጥተን፣ ወደኋላ የዞረችውን ጥርሱን በጉጠት ቆርጠን፣ የቀረውን በገባበት እንመልሰዋለን። ስለዚህ ያን ቀን እጄ ሊነቅላት ቸኩሎ ነበር። ግን ያኔ ማደንዘዣ ነበረኝ፣ ጉጠት ነበረኝ፣ የተወጋውም ብዙውን ጊዜ ጣት ነበር። አሁን የያዝኩት የዓይን ጎረቤት ነው። እጄን ሰበሰብኩ። አማቼ ሮጦ መጥቶ ክሩን በመቀስ ቆረጠው፤ እኔ ልጅቱን አቅፌ ሁለቱንም እጆቿን ያዝኩ፤ ቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ በጥቂት ደቂቃ አወጣችላት። «ትንሽ ዝቅ ብላ ቢሆን ኖሮ» አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሥራ ላይ ሳለሁ ለተማሪ ነርሶች ደጋግሜ የምናገረው አንድ ነገር ነበር፤ «የተወጋበት መርፌ ጠረጴዛ ላይ አያርፍም፤ ከእጃችሁ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይገባል።» ሰው ሲወጋ ተጠንቅቆ ነው፤ ዓይኑም ልቡም መርፌው ላይ ነው። አደጋው የሚመጣው ከወጋ በኋላ፣ ሐሳቡ ወደ ሌላ ጉዳይ ሲዞር፣ «አንዴ ላስቀምጠው» ሲል ነው። ሌሎችን ስቆጣበት የኖርኩትን እኔው ሠራሁት።

በማግስቱ አማቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላሳይዎት ሰጠሁዎት» ብሎ ዘንጉን አመጣ። ጥፋቱን ተካፈልነውና ትምህርቱን ጀመርን። ለካ መሣሪያው የራሱ ሴፍቲ ቦክስ አለው! ከቡሽ እጀታው ከፍ ብሎ ዘንጉ ላይ የተጣበቀች ትንሽ የሽቦ ቀለበት አለች፤ ሥራዋ ዝንቧን ማሳረፍ ብቻ ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ክሩን ትሰበስቡና የዘንጉን ቁመት ያህል ታስቀራላችሁ። መንጠቆዋን በአየር ላይ ለመቅለብ አትሞክሩ፤ መጀመሪያ ክሩን ያዙ፣ ከዚያ ጣታችሁን በክሩ ላይ ወደ ታች እያንሸራተታችሁ እስከ ዝንቧ ድረሱ፤ ስትይዟትም በሹል ጫፏ ሳይሆን በጀርባዋ ይሁን። ቀለበቷ ላይ አንጠልጥሏትና ክሩ ወጠር እስኪል ማጠንጠኛውን አዙሩ። ዋናው ይህ ነው፤ የላላ ክር ዝንቧን መልሶ ይለቃታል። ክሩ ረዥም ከሆነ ደግሞ በማጠንጠኛው ሥር አዙራችሁ ወደ ላይ ትመልሱትና ዝንቧን ከፍ ብሎ ካሉት የክር ማሳለፊያዎች በአንዱ እግር ላይ ታንጠለጥሏታላችሁ። ማሳለፊያው ውስጥ ግን አይሁን፤ ብረቱ ውስጡን ከጫረው በኋላ ክሩን ይበላዋል።

ብዙ ሰው ቡሹ ላይ ይሰካታል አሉ። ለመሰካት ይመቻል፤ ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣው እጅ የሚጨብጠው እሱኑ ነው። ያ እጅ ደግሞ የልጅ ሊሆን ይችላል።

እኛ ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን። ዘንግ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው፣ ዛፍ ላይ የሚደገፈው፣ ምሳ የሚቀርበው ዝንቧ ቦታዋ ከገባች በኋላ ነው። ልጅቱ መነጽርና ባርኔጣ ታደርጋለች። አማቼም የዝንቦቹን ሁሉ ጥርስ በጉጠት ጨፍልቆ አስተኝቷል፤ ጥርስ የሌላት መንጠቆ ብትወጋም በቀላሉ ትወጣለች፤ ዓሣውንም ለመልቀቅ ይመቻል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ከደረሰ ግን እነዚህን ያዙልኝ።

ዓይን ውስጥ ወይም ዓይን አጠገብ የተሰካ መንጠቆ በቤት አይነካም። አትንቀሉ፣ አትጫኑ፣ ልጁም እንዲያሽ አትፍቀዱለት። ክሩን ቁረጡ፤ ዓይን የተወጋ ከሆነ ሳይነካው ከላይ የሚከልል የወረቀት ኩባያ ያለ ነገር ደፍታችሁበት ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱ።

ሌላ ሰውነት ላይ ጥርስ ያለው መንጠቆ ከገባ በገባበት መልሳችሁ አትጎትቱ፤ ጥርሱ ሥጋውን ይቀደዋል። ጤና ጣቢያ ያወጡታል። ከወጣ በኋላ ቁስሉ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ ያላለፈበት መሆኑ ይጠየቃል። ቀጣዮቹን ቀናት ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ሳትዘገዩ ተመለሱ።

«እኛ ቤት ዘንግ የለም» የምትሉ አያቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በበዓል ልጆች ይዛችሁ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ላንጋኖ ትሄዱ ይሆናል፤ እዚያም መንጠቆ በክር አስረው የሚያጠምዱ ልጆች አሉ፤ የእናንተም ልጅ «ልሞክር» ማለቱ አይቀርም። ቤት የምትቀሩትም ብትሆኑ ስፌት ጀምራችሁ በር ሲንኳኳ መርፌዋን ሶፋ ክንድ ላይ ሰክታችሁ የተነሳችሁበትን ቀን አስታውሱ። ልጅ የሚወጋው ሰው ሥራው ላይ ሳለ ሳይሆን «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ሲነሳ ነው።

የልጅ ልጄ ቅንድብ ላይ አሁን የቀረው ነጥብ የምታክል ጠባሳ ናት። በስልክ በተገናኘን ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ እሷ ላይ ያርፋል። ልጅቱ ግን ረስታዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ወንዝ ወርዳ ደወለችልኝና ዘንጉን ወደ ስልኩ አስጠግታ «እማማ፣ እያት፤ ቦታዋ ናት!» አለችኝ።