ስም፣ ቅጽልና ግስ በእንግሊዝኛ

«ስም ማለት የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው፤ ቅጽል ማለት ስምን የሚገልጽ ነው፤ ግስ ማለት ድርጊትን ወይም ሁኔታን የሚናገር ነው» የሚለውን በቃሉ ያላጠና ተማሪ አይገኝም። ነገር ግን ለዚሁ ተማሪ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሰጥተን «ግሱ የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቀው ብዙ ጊዜ ሲያመነታ እናየዋለን። ይህም የሚሆንበት ምክንያት ቃሉን አስቀድሞ ወደ አማርኛ መልሶ፣ ከዚያ በኋላ ክፍሉን ለመወሰን ስለሚሞክር ነው። የሚሻለው ግን ቃሉን ከመተርጐም በፊት የተቀመጠበትን ስፍራ መመልከት ነው።

በአማርኛ ቃል ማንነቱን በመልኩ ይናገራል። «ጻፈ» ያልን እንደ ሆነ ግስ ነው፤ «ጽሑፍ» ያልን እንደ ሆነ ስም ነው። ሁለቱም ከአንድ ሥር ቢወጡም ቅርጻቸው ስለሚለያይ አያሳስቱንም። የእንግሊዝኛ ቃል ግን ብዙ ጊዜ መልኩን ሳይለውጥ ሥራውን ይለውጣል። በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀውን «ፋይል» የሚለውን ቃል ለምሳሌ እንውሰድ።

«ዘ ክላርክስ ፋይል ዘ ፋይልስ ኢን ዘ ፋይል ሩም።»

ይህም «ጸሐፊዎቹ ፋይሎቹን በመዝገብ ቤቱ ውስጥ በየቦታቸው ያስቀምጣሉ» ማለት ነው። እነሆ፣ አንዱ ቃል ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ሥራ ሠራ። የመጀመሪያው ከባለቤቱ ቀጥሎ ስለ ተቀመጠ ግስ ነው። ሁለተኛው «ዘ» ቀድሞት፣ የብዙ ቁጥር «ስ» ተከትሎት ስለ መጣ ስም ነው። ሦስተኛው ከ«ሩም» ፊት ቆሞ ክፍሉ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይነግረናል።

ታዲያ ይህ ሦስተኛው ቅጽል ነውን? አይደለም፤ የቅጽልን ሥራ የሚሠራ ስም ነው። ለመለየት ብትፈልጉ «ቬሪ» የሚለውን ቃል አስቀድሙለት። አብዛኛው ቅጽል ይህን ቃል ይቀበላል፤ «ኤ ቬሪ ኮልድ ሩም» ይባላልና። «ኤ ቬሪ ፋይል ሩም» ግን የሚል የለም። እንዲሁም ሁለት ስሞች በዚህ ዓይነት ሲከታተሉ ዋናው የኋለኛው መሆኑን አትርሱ። «ሬስ ሆርስ» የእሽቅድምድም ፈረስ ነው፤ «ሆርስ ሬስ» የፈረስ እሽቅድምድም ነው። በአማርኛ «የ» የምትባለው ፊደል የምትሠራውን ሥራ በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተሉ ብቻውን ይሠራዋል።

ወደ ቅጽል ስንመጣ ሦስት ነገሮች ያስቸግሩናል። አንደኛ፣ እኛ «ትልልቅ ቤቶች» ብለን ቅጽሉንም ማብዛት እንችላለን። የእንግሊዝኛ ቅጽል ግን ቤቱ አንድም ሆነ መቶ ያው «ቢግ» ነው፤ «ቢግስ» አይባልም። ሁለተኛ፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ» የምንላቸው በአማርኛ ግሶች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ «ሀንግሪ» እና «ታየርድ» ቅጽሎች ናቸው። ቅጽል ብቻውን ዓረፍተ ነገር ስለማያቆም «አይ ሀንግሪ» ማለት ስሕተት ነው፤ «አም» የሚለው ግስ ገብቶ «አይ አም ሀንግሪ» መባል አለበት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳን ነው። «ታየሪንግ» የሚያደክም ማለት ሲሆን «ታየርድ» የደከመው ማለት ነው። በ«ኢንግ» የሚጨርሰው ስሜቱን የሚያመጣውን ነገር ይገልጻል፤ በ«ድ» የሚጨርሰው ስሜቱ የደረሰበትን ሰው ይገልጻል። አንድ ወጣት የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ «አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ» ቢል፣ ሥራውን እንደሚፈልገው መግለጹ ሳይሆን «እኔ እጅግ ልብ የምስብ ሰው ነኝ» ብሎ ራሱን ማወደሱ ነው። ማመልከቻውን የሚያነበው ሹም የልጁን ልብ አያይም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። የብዙ ዓመት ትምህርት በአንዲት የቃል ጭራ ምክንያት ሲናቅ ያሳዝናል። ስለዚህ «ኢንተረስትድ» ብሎ መጻፍን መልመድ፣ ማመልከቻን በታላላቅ ቃላት ከማስጌጥ ይበልጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏልና።

ስለ ግስም አንዲት ነገር እንጨምር። በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ትጽፋለህ፣ ትጽፊያለሽ፣ ይጽፋል፣ ትጽፋለች፣ እንጽፋለን፣ ትጽፋላችሁ፣ ይጽፋሉ እያልን ስምንት መልክ እናፈራርቃለን። በእንግሊዝኛ ለዚሁ ሁሉ ያሉት «ራይት» እና «ራይትስ» ሁለት ብቻ ናቸው። ስምንቱን ሳይሳሳት የሚናገር ሰው ሁለቱን መለየት ሊያቅተው አይገባም። የሚያደናግረን ይህች «ስ» በስም ላይ ስትሆን ብዙ፣ በግስ ላይ ስትሆን አንድ ማመልከቷ ነው። «ዘ ክላርክ ራይትስ» ለአንድ፣ «ዘ ክላርክስ ራይት» ለብዙ። እንግዲህ በእንደዚህ ያለው ዓረፍተ ነገር «ስ» ከስሙ ላይ ካለች ከግሱ ላይ ትነሣለች፤ ከግሱ ላይ ካለች ከስሙ ላይ ትነሣለች። እንደ «ሜን» እና «ችልድረን» ያሉት፣ ያለ «ስ» የሚበዙት ስሞች ግን ለብቻቸው ይጠናሉ።

ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል የሚሠራው ሊወጡበት ነው እንጂ ተሸክመውት ሊዞሩ አይደለም። ትርጓሜን ብቻ በቃል መያዝ መሰላሉን እንደ መሸከም ነው።

ለመለማመጃ ያህል እነዚህን ሁለት ሐረጎች ተመልከቱ፤ «ድራይ ዘ ክሎዝስ» እና «ዘ ድራይ ክሎዝስ»። በአንደኛው «ድራይ» ግስ ነው፤ በሌላው ቅጽል ነው። የትኛው የቱ እንደ ሆነ ስፍራውን አይታችሁ ወስኑ። ከዚያም በየቀኑ ከምታነቡት የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ወይም ደብዳቤ አምስት መስመር ብቻ መርጣችሁ፣ ስሙን፣ ቅጽሉንና ግሱን በሦስት ረድፍ እየለያችሁ ጻፉ። በአንድ ወር ውስጥ ልዩነቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።