የባለጉዳይ ማኅደር ጠባቂ ይኑረው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሚገኘው የሰው የግል መዝገብ ጥቂት ለማለት በአንባብያን አምድ ሥፍራ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለ ማኅደሩ ራሱ ቀርቦ «የተጻፈብኝን ልይ» ሲል «ምስጢር ነው» ተብሎ ይመለሳል፤ ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ግን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ያንኑ ማኅደር ሲገላልጥ ከልካይ የለውም። እኔ በአንድ ጽሕፈት ቤት የባለጉዳዮች ስም ከነስልክ ቁጥራቸው በግድግዳ ተለጥፎ አይቻለሁ፤ ፍቺ ለማስመዝገብ የመጡ ሰዎች ስም ሳይቀር።

በእኛ በጌዴኦ ነገሩ ከሐሜት ያለፈ ነው። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ፣ ብዙው በገደብና በይርጋ ጨፌ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተጠልሎ ነበር። እርዳታ የሚታደለው በስም ዝርዝር ስለ ነበር የቤተ ሰቡ ቁጥርና የመጣበት ቀበሌ ተጻፈ። ያን ጊዜ በዝርዝሩ መግባት እህል ማግኘት ነበር። ሥራው ካበቃ በኋላ ግን ማን ከየት እንደ ሸሸ የሚናገር ወረቀት በክፉ ሰው እጅ ቢገባ ምን ሊያመጣ እንደሚችል፣ ያን ዓመት ያየ ሰው አይጠፋውም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ፣ ባለቤቱም አይቶ ስሕተቱን እንዲያሳርም ያዛል፤ የብሔርንና የጤናን ነገር የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ቈጥሮታል። እንዲቈጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ በአዲስ አበባ ነው፤ የዲላ መዝገብ ቤት ቁልፍ ግን የተንጠለጠለው እዚሁ ዲላ ነው። ለፋይዳ አሻራችንንና የዓይናችንን ብሌን በሰጠንበት በዚህ ዘመን፣ የወረቀቱን ማኅደር መጠበቅ ያቃተው ጽሕፈት ቤት የኮምፒዩተሩን እንዴት ይጠብቀው ይሆን?

ይህን የሰማ ኃላፊ ደግሞ በአጋጣሚው ሁሉን ነገር ዘግቶ እንዳይቀመጥ እሰጋለሁ። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ሕዝብ ከመሥሪያ ቤት መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የበጀትና የጨረታ ሰነድ የማንም ሰው ገመና አይደለም።

የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። በየመዝገብ ቤቱ፣ ማኅደር የሚያወጣ ሠራተኛ ስሙን፣ ቀኑንና ምክንያቱን ጽፎ የሚፈርምበት ደብተር ይኑር። በግድግዳ የሚለጠፈው ማስታወቂያ በስም ፈንታ በተራ ቁጥር ይሁን፤ ባለጉዳዩ ቁጥሩን ከደረሰኙ ላይ ያውቀዋል። ስለ ተፈናቃዮቹ ዝርዝር ግን የዞኑ አስተዳደር ኮሚቴ ቢያቆም መልካም ነው፤ ለካሣ ወይም ለይዞታ ጉዳይ የሚያስፈልገው ተለይቶ ታሽጎ ይቀመጥ፤ የቀረው በቃለ ጉባኤ ይወገድ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ አንባቢ፣ ከዲላ